ከቦቢ በኋላ፦ ለጡረተኛ ወላጆች ውሻ ስንመርጥ

ቦቢ የሞተው አምና ሰኔ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጎንደር አዘዞ፣ ወላጆቼ ግቢ ውስጥ 13 ዓመት ኖሯል። ሲመጣ አባባ 58 ዓመታቸው ነበር፤ ገና ያስተምሩ ነበር። ሲሞት 71። ኮክ ዛፉ ሥር ቀበሩት። የጎረቤት ልጅ አካፋ ይዞ ሊያግዛቸው ቢመጣ «ተወው ልጄ» ብለው ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፈሩ።

እኔ ቸኮልኩ። እማዬ በስልክ «ቤቱ ጭር አለ» ስትለኝ አንጀቴ ተላወሰ። በሦስተኛው ሳምንት ቡችላ ይዤ ደረስኩ። ወንድሜ ከውጭ ብር ልኮ «ጀርመን ሸፐርድ ይሁን፣ ምርጥ ይሁን» ብሎ አዝዞኛል። ቡችላውን በካርቶን አድርጌ፣ ሰርፕራይዝ ብዬ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። አባባ ካርቶኑን ከፍተው አዩት። ዝም አሉ። ከዚያ «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። አባቴን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ቡችላው 11 ቀን ቆየ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አባባ ከበረንዳው ሲወርዱ እግራቸው መሃል ገባ። ደረጃው ላይ ወደቁ። የእጅ አንጓቸው ተሰነጠቀና አምስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ከረመ። ዳሌያቸው ቢሆን ኖሮስ? ሻጩ ቡችላውን መልሼ አልወስድም አለ። ልጆችና ሰፊ ግቢ ላለው የሥራ ባልደረባዬ ሰጠነው። አሁን ጥጃ አክሏል ይሉኛል።

ለሁለተኛው ጊዜ አልቸኮልኩም። አሁን ያለችው ውሻ፣ ሪታ፣ የመጣችው ኅዳር ላይ ነው። ያኔ ያደረግኩትን፣ መጀመሪያውኑ ባደርገው ኖሮ እያልኩ የተቆጨሁበትንም ጭምር እነሆ።

መጀመሪያ ሐዘናቸው ይውጣላቸው

እኛ ዘንድ ለውሻ ማዘን ያሳፍራል። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድር ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ውሻ ሲሞት «ሌላ ታመጣላችሁ» ተብሎ ይታለፋል። አንዲት ጎረቤታችን «ተዝካሩ መቼ ነው?» ብላ ብትቀልድ እማዬ ሁለት ሳምንት ቡና አልጠራቻትም። ሐዘኑ የሚወጣበት በር ስለሌለው ቤት ውስጥ ይቆያል።

አባባ ስለ ቦቢ አንድም ቃል አይተነፍሱም ነበር። ግን ማታ ራት ሲበላ ከእንጀራው ጫፍ ቆርሰው ያስቀራሉ። በልተው ሲያበቁ ቁራሹን ይዘው ይነሳሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። ከዚያ ይመለሱና ትሪው ላይ ያስቀምጡታል። እማዬ ታያለች፤ ምንም አትልም። ትሪውን ታነሳለች። ይህ እስከ ነሐሴ ቆየ። እኔ ቡችላ ያመጣሁባቸው እንግዲህ በዚያ መሃል ነው።

ስንት ወር መጠበቅ አለብን ለሚለው ቁጥር የለኝም። ምልክቱን ግን አይቻለሁ። መስከረም ላይ አባባ፣ ቦቢ በአንድ የፋሲካ ማግስት የጎረቤት ሙሉ ቅርጫ ሥጋ ይዞ የሮጠበትን ቀን እያወሩ ሳቁ። ራሳቸው ናቸው የጀመሩት። በሳምንቱ ደግሞ መንገድ ላይ ያዩትን የሰው ውሻ «ጆሮው ቆንጆ ነው» አሉኝ። የሟቹ ታሪክ በሳቅ ሲወራና የሌላ ሰው ውሻ ዓይን ውስጥ ሲገባ ጊዜው ደርሷል።

ጠይቋቸው፤ ግን እንደ ሐበሻ ጠይቋቸው

«ውሻ ላምጣላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ይታወቃል፤ «ኧረ ለእኛ ብለሽ አትቸገሪ» ነው። የባሰው ደግሞ የማይፈልጉትን እናንተን ላለማስቀየም ብለው «ደስ ይለናል» ማለታቸው። ሁለቱም ይሉኝታ ነው።

እኔ ቡና እየተፈላ «ውሻ ቢኖር ማታ ማታ ማን ነው የሚያበላው?» አልኩ። እማዬ «እኔ ነኛ! አባትሽማ አጥንቱን ሁሉ ባንዴ ነው የሚሰጡት» አለች። አባባ «ቦቢ በእኔ እጅ ነው የኖረው» አሉ። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ተከራከሩ። ገባኝ፤ ይፈልጋሉ።

በክርክሩ መሃል ሌላም ነገር ሰማሁ። የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ውሻ አይደለም። እማዬ የምትፈልገው ሌሊት የሚጮህላት ነው። ከቤታቸው ጀርባ ሜዳ ነው፤ ክረምት ላይ ጅብ አጥር ድረስ መጥቶ ሲያላዝን ይሰማል። ዝም ያለ ግቢ አያስተኛትም። አባባ ግን የሚፈልጉት ጠዋት እስከ አስፋልቱ አብሯቸው ወጣ ብሎ የሚመለስና በረንዳው ላይ እግራቸው ሥር የሚጋደም ነው። በግራ ጆሯቸውም አይሰሙም፤ ሰው በር ሲያንኳኳ የሚነግራቸው ያስፈልጋል።

ይህን ወረቀት ላይ ጻፉት። ከሥሩ ደግሞ የማይሆነውን ጻፉ። እማዬ ስኳር አለባት። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ቢቧጨር ላይሰማው ይችላል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ስለዚህ በጥፍሩ ሰው ላይ የሚንጠላጠል ውሻ አይሆንም። አባባ እጃቸው ገና አልጠናም። የሚጎትት ውሻ አይሆንም። እኛ ቤት ዝርዝሩ እዚህ ላይ አለቀ። የእናንተ ሌላ ይሆናል፤ ደረጃ ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ሊሆን ይችላል፣ አስም ሊሆን ይችላል።

ቡችላ ይቅር

ቡችላ ያምራል። ችግሩም እሱ ነው። ሁላችንም ለወላጆቻችን ቡችላ የምንገዛው ስጦታ ስለሚመስል ነው።

ሒሳቡን ግን እንሥራው። ውሻ በደንብ ከተያዘ 12፣ 13 ዓመት ይኖራል፤ ቦቢን አይታችኋል። አባባ አሁን 72 ናቸው። ዛሬ ቡችላ ብሰጣቸው ውሻው ሲያረጅ እሳቸው 85 ይሆናሉ። እድሜ ይስጣቸው! ግን በ80 ዓመታቸው ጉልበቱ ያልደከመ ውሻ መያዝ አለባቸው ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ያለው ዓመት ደግሞ አለ። የሁለት ወር ቡችላ በየሁለት ሰዓቱ ይሸናል፤ ሌሊትም ጭምር። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ የወተት ጥርሱ ረግፎ ቋሚው ስለሚበቅል ድዱ ያሳክከዋል። ጫማ፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ የእማዬ አገልግል፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ከሁሉም በላይ የሰው እግር እየተከተለ መሃል ይገባል። ይህ ባሕርዩ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አልነበረም።

ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያለ ውሻ ፈልጉ። ዓመሉ የታወቀ ነው፤ የምታዩት ነገር የምታገኙት ነገር ነው። ባለቤቱ የሚነግራችሁን እድሜ ብቻ አትመኑ። አፉን አስከፍቱና ጥርሱን እዩ። በሰባት ወሩ 42ቱም ቋሚ ጥርሶች ወጥተው ያልቃሉ። ነጭና ጫፋቸው ያልተበላ ከሆነ ወጣት ነው። የፊት ጥርሶቹ ተበልተው ጠፍጠፍ ካሉ፣ ሥራቸው ቢጫና ቡኒ ከሆነ፣ አፈሙዙ ላይ ሽበት ካለ፣ ዓይኑ ውስጥ ደመና ካለ «ሦስት ዓመቱ ነው» ቢሏችሁ አትቀበሉ። አጥንት የሚቆረጥም ውሻ ጥርሱ ቶሎ ስለሚበላ ሐኪም ቢያየው ይሻላል።

የፈረንጅ ውሻ ወይስ የሐበሻ?

ወንድሜ ጋር በዚህ ተጣልተናል። አንድ የደረሰ ወንድ ጀርመን ሸፐርድ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። የእንቅስቃሴ ፍላጎቱ ከባድ ነው፤ ዘሩ ሲያረጅ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛበትም የታወቀ ነው። አጅቦ የሚሮጥለት ሰው ላለው ቤት ድንቅ ነው። ለ72 ዓመት መምህር ግን አይደለም።

ትንንሾቹና ፀጉራሞቹ ደግሞ ፀጉራቸው ማበጠሪያ ይፈልጋል፤ በጎንደር ክረምት ጭቃ ሆድ ድረስ ይለጠፍባቸዋል። እማዬ አንዷን አይታ «ይቺን ማን ሹሩባ ይሠራታል?» አለች።

የእኛው የግቢ ውሻ ፀጉሩ አጭር ነው፣ ብርዱንም ዝናቡንም ለምዷል። ምግብ አያማርጥም። መጠኑም መሃከለኛ ነው። ዘር የለውም ብለው ለሚንቁት አንድ ነገር ልበል፦ ጅብ አጥር ላይ ሲመጣ የዘር ወረቀቱን አያነብም።

ወንድ ወይስ ሴት? ብዙ ሰው ሴት አይፈልግም። ምክንያቱ ይገባኛል። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ፣ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በር ላይ ያድራል። ካረገዘች በ63 ቀን ገደማ ስድስት ሰባት ቡችላ ይመጣል፤ ቡችሎቹን ማን ይወስዳል? ግን እንዳትወልድ በቀዶ ጥገና ማስቆም ይቻላል። ሐኪም ጠይቁ። ይህ ከተደረገ፣ በእኔ ግምት፣ ለሽማግሌ ቤት ረጋ ያለች ሴት ትሻላለች።

የት ይገኛል?

ካርቶን ይዞ መንገድ ዳር ከቆመ ሰው አትግዙ። እኔ የገዛሁት እንደዚያ ካለ ሰው ነው። «ክትባቱን ጨርሷል» ብሎ የሰጠኝ ካርድ ላይ ማህተም እንጂ ቀን አልነበረም። የሁለት ወር ቡችላ ክትባት «መጨረስ» እንደማይችልም ያኔ አላውቅም ነበር።

ለሰው ንገሩ። ዕድር ላይ፣ ጽዋ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ለእንስሳት ሐኪሞች። ቤት የሚቀይር፣ ወደ ኮንዶሚኒየም የሚገባ፣ አገር የሚለቅ ቤተሰብ ሁልጊዜ አለ፤ ውሻውን የት እንደሚጥል የጨነቀው። ሪታን ያገኘናት እንደዚህ ነው። እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት ወደ ባሕር ዳር ተዛውረው ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ነበር። ሪታ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቡናማ፣ ደረቷ ላይ ነጭ አለባት። ከቡችላነቷ ጀምሮ እነሱ ጋ ናት።

ፈተናው

ሦስት ጊዜ ሄድኩ። አንዴ ቀን፣ አንዴ ከመሸ በኋላ፣ በመጨረሻም አባባን ይዤ። ውሻ ቀንና ማታ አንድ አይደለም። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ ውሻ ካያችሁ ደግሞ ሁለቴ አስቡ። ዕድሜውን ሙሉ በሰንሰለት የኖረ ውሻ የሚያውቀው መጮህና መንጠራራት ነው።

አንደኛ ፈተና፣ ጎንበስ በሉ። በቃ፣ ጫማ እንደሚያስር ሰው። አገራችን ውስጥ ውሻ የሆነ ፍጡር ሁሉ ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሳ እንደሆነ ያውቃል። ጎንበስ ስትሉ ጭራውን ቆልፎ ከተፈተለከ ብዙ ድንጋይ ቀምሷል። በጊዜ ይድን ይሆናል፤ ግን ሽማግሌ ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ሲል ነው የሚውለው፤ መነጽሩን፣ ጫማውን፣ የወደቀ ክኒን ሲያነሳ። በየጊዜው የሚበረግግ ውሻ ለሁለቱም ሰላም አይሰጥም። ሪታ ጎንበስ ስል ቀና ብላ አየችኝና መጥታ ጫማዬን አሸተተች።

ሁለተኛ፣ ከዘራ። ቤት ያለውን ከዘራ ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንዱ ውሻ ዱላ ሲያይ ይሸሻል፤ አንዳንዱ ዱላውን ለመንከስ ይዘላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ አባባ ከዘራውን ሲያነሱ እጃቸው አብሮ አለ።

ሦስተኛ፣ እየበላ ሳለ ባለቤቱ ምግቡን ያንሳበት። እናንተ አይደላችሁም፣ ባለቤቱ። ካጉረመረመ አመስግናችሁ ውጡ። እማዬ ቀኑን ሙሉ ዕቃ የምታነሳ ሴት ናት።

አራተኛ፣ እግሩን ያዙ፣ ጆሮውን ገለጥ አድርጉ። ወላጆቻችሁ መዥገር መልቀም አለባቸው።

አምስተኛ፣ ድስት ክዳን ወይም ቁልፍ ከኋላው ይውደቅ። መደንገጡ ችግር የለውም፤ ሁሉም ይደነግጣል። ከደነገጠ በኋላ ተመልሶ የሚያሸት ከሆነ ጥሩ ነው። ተደብቆ የሚቀር ከሆነ፣ በጎንደር ሠርግና ጥምቀት እንዴት ሊከርም ነው?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ወሳኙ ሦስተኛው ቀን ነበር። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ገቡ። ሪታ ሁለት ሦስቴ ጮኸችና አቆመች። አባባ አልጠሯትም። ግንቡ ሥር ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ። ወዲያ እያዩ ከባለቤቱ ጋር ስለ ዘንድሮ ዝናብ ወሬ ጀመሩ። ሪታ ዞረች። መጀመሪያ የከዘራውን ጫፍ አሸተተች። ከዚያ ጫማቸውን። ከዚያ የጋቢያቸውን ጫፍ። አባባ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ። አሸተተችውና አገጯን አሳረፈችበት። ስለ ዝናቡ የጀመሩት ወሬ እዚያው ላይ ቀረ።

የሚቀራረቡት በዚህ መንገድ ነው፦ ተቀመጡ፣ አትጥሩት፣ ዓይኑን አትዩት፣ ይምጣ። የማይመጣ ውሻ ሌላ ሰው አለው።

ጤና ላይ ዋዛ የለም

ወደ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪም ይየው። እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስለሚሰጥ ሐኪም ከሌለበት አገር ሰው እንሻላለን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሦስት ወሩ ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይታደሳል። ቀን፣ የክትባቱ ስምና ፊርማ የሌለበት ካርድ ካርድ አይደለም። ከተጠራጠራችሁ እንደገና አስከትቡ።

ይህን የምለው ለወግ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድነው የለም ማለት ይቻላል። በንክሻ ብቻ አይደለም የሚተላለፈው፤ የታመመ ውሻ ምራቅ ቁስል ላይ ቢያርፍም ይበቃል። ወላጆቻችሁን ማንም ውሻ ቢነክሳቸው ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ሩብ ሰዓት እጠቡት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። የባህል መድኃኒትም ጠበልም የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ጠበሉን ከክትባቱ ጋር ያድርጉት፣ በክትባቱ ፈንታ አይሁን። የነከሰው ውሻ የሚታወቅ ከሆነ አይገደል፤ ተለይቶ 10 ቀን ይታይ።

ከደባርቅ በኩል ዘመድ ውሻ ልላክላችሁ ካለ ያው ነው፤ ክትባቱን ጠይቁ። አባባ ባዮሎጂ አስተማሪ ስለነበሩ ይህን ሳይሉ አይውሉም፤ የሰሜን ተራሮችን ቀይ ቀበሮ ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ሁለተኛው ነገር ትል ነው። በበዓል በግ ስናርድ አንዳንዴ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት እናያለን። ምን እናደርጋለን? ቆርጠን ለውሻ እንጥላለን። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የአንድ ትንሽ የኮሶ ዘመድ ትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ገብቶ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። በእጅ፣ በጎመን፣ በውኃ ወደ ሰው ይገባና ሰው ጉበት ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። እንግዲህ ጥሬ ሆድ ዕቃ ለውሻ አይሰጥም፤ ከረጢት ያለበት ይቃጠላል ወይም በጥልቀት ይቀበራል። አዲሱ ውሻ እንደመጣ የትል መድኃኒት ይዋጥ። ለዚህ ትል ሐኪሞች የሚሰጡት ፕራዚኳንቴል የሚባለውን ነው። እማዬ ይህን ከሰማች ጀምሮ ሪታን ነክታ እጇን ሳትታጠብ ሊጥ አትነካም። ቦቢን 13 ዓመት ጥሬ ሳንባ ስናበላ እንደኖርን ትዝ ሲለኝ ግን ላብ ያጠምቀኛል።

ቤት ሲገባ

ሪታን ለማምጣት ሦስት ባጃጅ አስቁሜያለሁ። ሁለቱ «ውሻ አልጭንም» አሉ። ሦስተኛው ልጅ እጥፍ ተቀብሎ፣ መቀመጫው ላይ ማዳበሪያ አንጥፎ ወሰደን። አዘዞ እስክንደርስ ዞሮ ዞሮ እያያት ነበር። ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የምትተኛበትን አሮጌ ጨርቅ ከድሮ ቤቷ ይዛችሁ ኑ፤ ሽታው ያረጋጋታል።

ስሟን አትቀይሩ። በተለይ የሞተውን ውሻ ስም አትስጡ። እማዬ አሁንም ተሳስታ «ቦቢ!» ትላለች፤ ሪታ ለሁለቱም መዞር ጀምራለች። የቦቢን ሳህንም አልሰጠናትም። አባባ አጥበው ቆጥ ላይ ሰቅለውታል። አልጠየቅናቸውም።

የት ትተኛ? እኛ ቤት ውሻ ከደጃፍ አያልፍም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናት፤ ጸበልና ጸሎት ያለበት ቤት ውስጥ ውሻ አታስገባም። ልታሳምኗቸው አትሞክሩ። በረንዳው በቂ ነው። ከሲሚንቶው ከፍ ያለ ጣውላ፣ ላዩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ከጎን ዝናብ የማያስገባ ጣራ። ከቤቱ በር በሦስት እርምጃ ርቀት ይሁን፤ የሚሰሙትና የሚሰማቸው እንዲሆን። ግን ደረጃው ላይ ወይም መተላለፊያው ላይ አይሁን። ይህንን የአባባ ስብራት አስተምሮኛል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ስታላዝን አደረች። ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ቀን ምግቧን ጨረሰች። አንድ ሳምንት ሙሉ ግቢው እንዲዘጋ አድርጉ፤ አዲስ ውሻ የድሮ ቤቱን ፍለጋ ይወጣል።

ምግብ ላይ የእኛ አገር ጣጣ ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ቤት ውስጥ ያለው ሽሮና ምስር ነው። ሽሮው ደግሞ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ነው፤ ሁለቱም የውሻን ደም ይጎዳሉ። አንድ ቁራሽ አይገድለውም፤ በየቀኑ ግን አይሆንም። እማዬም በጾም የሥጋ ድስት አትነካም። የእኔ መፍትሔ ይህ ነው፦ ቅበላ ላይ ከሥጋ ቤት ትርፍራፊ ገዝቼ፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅዬ፣ በላስቲክ እየከፋፈልኩ ፍሪዘሬ ውስጥ አስገባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አምጥቼ ለአባባ እሰጣለሁ። ደጅ ላይ የሪታ የራሷ አሮጌ ድስት አለች፤ አባባ በእንጀራ ወይም በሩዝ ያሹላታል። የዶሮ ወጥ አጥንት ግን በጾምም በፍስክም ክልክል ነው። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

የመጨረሻው፣ ማንም ማንሳት የማይወደው ወሬ ነው። አንዳቸው ቢታመሙ ወይም ውሻው ከእነሱ በኋላ ቢቀር ማን ይወስደዋል? ከመምጣቱ በፊት ተነጋገሩ። ወንድሜ በየዓመቱ የክትባቱንና የሐኪሙን ሊልክ ተስማማ። ሪታን ለመውሰድ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ ለቤት አከራዬም ቀድሜ ነግሬያለሁ። የክትባት ካርዷ ዋናው አባባ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። ኮፒው ማራኪ፣ የእኔ ፍሪጅ በር ላይ ተለጥፏል። ቀጣዩ የሚመጣው ኅዳር ነው።